ጎግል ያላነበበው ድረ ገጽ፦ የአንድ የሽሮ ሜዳ ልብስ ሱቅ የጉዳይ ጥናት

ዳራ

ሱቁ ሽሮ ሜዳ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ግራና ቀኙ በነጭ ቀሚስና በነጠላ ከተሸፈነው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ይገኛል። ባለቤቷ ከሃያ ዓመት በላይ በሥራው ላይ ቆይተዋል። ልብሱን የሚሠሩላቸው የጋሞ ሸማኔዎች ናቸው፤ ስፌቱንና ጥልፉን እዚያው ሱቁ ጀርባ ሁለት ሰፊዎች ይጨርሱታል።

ደንበኞቻቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ በእግሩ መጥቶ፣ ዳስሶና ተከራክሮ የሚገዛው ነው። ሌላው አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም ዓረብ አገር ተቀምጦ ልኩን በስልክ የሚልከው ነው። ሁለተኛው ዓይነት ደንበኛ ሁልጊዜ የሚመጣው በሰው በሰው ነበር። የእኅት ጓደኛ፣ የሙሽራዋ አክስት፣ የቀድሞ ደንበኛ ጎረቤት።

ድረ ገጽ ከተሠራላቸው ዓመታት አልፈዋል። አድራሻው በቢዝነስ ካርዳቸው ላይ ታትሟል፤ ለዓመታዊ ኪራይ ይከፈልበታል። ማንም ግን «አይተነው መጣን» ብሎ አያውቅም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከዋሽንግተን አካባቢ የደወለች አንዲት ሙሽራ ሱቁን በአክስቷ ልጅ በኩል ካገኘች በኋላ «ስንት ቀን ስፈልግ ከረምኩ፤ ድረ ገጽ እንዳላችሁ እንኳ አላወቅሁም» ስትላቸው ጉዳዩ አሳሰባቸውና እኔን አስጠሩኝ። ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራትና መጠገን ነው። ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ስም ግን እንዳይጠቀስ ተስማምተናል።

ችግሩ ምን ነበር

መጀመሪያ ያሳዩኝ ድረ ገጹ እንደሚሠራ ነበር። የሱቃቸውን ስም ጎግል ላይ ጻፉ፤ ሱቁ የመጀመሪያው ውጤት ሆኖ መጣ። «ይኸው፣ አለ» አሉኝ። እኔ ደግሞ «የሀበሻ ቀሚስ ሽሮ ሜዳ» ብዬ ጻፍኩ። አምስት የውጤት ገጽ አገላበጥን፤ የለም። በራሳቸው ስም ሲፈልጉ ራሳቸውን ማግኘታቸው ለዓመታት አታሏቸዋል። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ድሮውንም ስልካቸውን ይዟል።

ከዚያ ከስልካቸው ላይ የድረ ገጹን የመጀመሪያ መስመር ገልብጠው ቴሌግራም ላይ እንዲለጥፉት ለመንኳቸው። ገጹ ላይ በሚያምር የአማርኛ ፊደል «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። የተለጠፈው ግን የላቲን ፊደል፣ የቅንፍና የነጠላ ሰረዝ ጥርቅም ነበር። «ስልኬ ተበላሽቶ ነው?» አሉ።

ስልካቸው ደህና ነው። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፉ የፊደል መለያ ሥርዓት ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የፊደሉን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ደርበው ነበር የሚሠሩት። ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ማተሚያ ቤቶች እነዚያን ፎንቶች ለረጅም ጊዜ አልተዉም። ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ጽሑፉን የወሰደው ከአንድ የቆየ ብሮሹር ነው፤ ፊደሉ እንዲታይም ፎንቱን አብሮ ድረ ገጹ ላይ ሰቀለው። ስለዚህ ዐይን «ቀሚስ» ያያል። ጎግል ግን የሚያነበው ከቅርጹ ሥር ያለውን ኮድ ነውና የሚያገኘው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ነው። ለፍለጋው ማሽን በዚያ ድረ ገጽ ላይ አንድም የአማርኛ ቃል አልነበረም።

ሌሎቹ ችግሮች በብዙ ሱቆች ላይ የሚታዩ ናቸው። የቀሚሶቹ ስምና ዋጋ ፎቶው ላይ ተጽፏል እንጂ ከፎቶው ውጭ ጽሑፍ የለም። የሠርግ ልብስ፣ የሕፃናት ልብስ፣ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሁሉም በአንድ ረጅም ገጽ ተደርድሯል። የገጹ ርዕስ በእንግሊዝኛ «ሆም» ይላል። ፎቶዎቹ ከስልክ እንደወጡ የተጫኑ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው ከአራት ሜጋባይት በላይ ይመዝናሉ። ሱቁ ውስጥ ቆመን በሞባይል ዳታ ስንከፍተው ልጃቸው ቡና ቀድታ አምጥታ፣ እኔ ስኳሩን አማስዬ ገና ግማሽ ቀሚስ ነበር የሚታየው።

ከዚያ በፊት የተሞከረው

እኔ የመጀመሪያው አልነበርኩም። ከዓመት በፊት አንድ ሰው «በአንድ ወር ውስጥ ጎግል የመጀመሪያ ገጽ ላይ አወጣችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ ተቀብሏቸዋል። ጎግል ራሱ አንደኛነትን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል በይፋ ጽፏል፤ ይህን የሚያውቅ ሱቅ ግን ጥቂት ነው።

ሰውየው ሦስት ነገር አድርጎ ነበር። በገጹ ግርጌ በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም ሰው የማያያቸውን በርካታ ቃላት ደርድሯል። በገጹ ኮድ ውስጥ «ቁልፍ ቃላት» የሚባለውን ሳጥን ሞልቷል፤ ጎግል ይህን ሳጥን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት የተናገረው በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከሁሉ የባሰው ከቁማርና ከመድኃኒት ሻጭ ገጾች ወደ ሱቁ የሚያመለክቱ አገናኞችን (ሊንኮችን) ገዝቷል። ጎግል አገናኝ እየገዙ ደረጃ የሚያሳድጉትን የሚለይበትን ማጣሪያ ያወጣው በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን ዛሬም ይህን እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል። ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጎግል ነፃ መሣሪያ ላይ ሱቁን ስናስመዘግብ የቅጣት ማስታወቂያ አለመኖሩ ዕድል ነው። የተደበቁትን ቃላት ያን ዕለት አጠፋናቸው። ለሰውየው የተከፈለው ገንዘብ ግን ለአንድ ጥሩ ፎቶ አንሺ ለሁለት ቀን ይበቃ ነበር፤ ሳስበው ይቆጨኛል።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

ፊደሉን መመለስ

ሌላውን ከመንካታችን በፊት ሁለት ሳምንት ሰርች ኮንሶል ላይ የሚመጣውን ዝም ብለን አየን። ሰዎች ጎግል ላይ ምን ጽፈው ወደ ገጹ እንደደረሱ ያሳያል። ዝርዝሩ አጭር ነበር፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሱቁ ስም ነው።

ከዚያ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ጀመርን። እዚህ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጊዜ ለመቆጠብ መቀየሪያ ፕሮግራም ተጠቀምኩና የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ አንብቤ ለቀቅኩት። ፕሮግራሙ ዲቃላ ፊደላቱን ውጧቸው ነበር። «የተቋጨ ነጠላ» የሚለው «የተጨ ነጠላ» ሆኖ አንድ ሳምንት ሙሉ ለሕዝብ ቀረበ። ያገኘችው የባለቤቷ ልጅ ናት፤ ደንበኛ ሳቅ ያለበት መልእክት ልኮላት። በመጨረሻ ሁሉንም በእጅ አዲስ ጻፍነው፤ ጽሑፉ ትንሽ ስለነበር ከመጀመሪያውም እንዲሁ ማድረግ ነበረብኝ።

የገዢው ቃል

ሱቁ ራሱን የሚጠራው «የሀገር ባህል አልባሳት መሸጫ» እያለ ነው፤ ታፔላውም ደረሰኙም ይህንኑ ይላል። ልጃቸው የስድስት ወር የቴሌግራምና የዋትስአፕ መልእክቶችን ይዛ ቁጭ አለች፤ ደንበኞች የተጠቀሙበትን ቃል እንዳለ፣ ስሕተቱን ሳታርም፣ ደብተር ላይ ገለበጠች። የደንበኞቹን ስምና ስልክ አልወሰድንም፤ ቃሉን ብቻ ነው።

«አልባሳት» የሚል ደንበኛ አንድም አልተገኘም። «የሀበሻ ቀሚስ» ይላሉ፣ «ጥበብ» ይላሉ፣ «የመልስ ልብስ ከነካባው» ይላሉ፣ «የእናትና ልጅ ተመሳሳይ» ይላሉ፣ «ለክርስትና የምትሆን ትንሽ» ይላሉ። የሚፈልጉት ልብሱን በሚለብሱበት ቀን ስም ነው። ውጭ አገር ያደጉት ደግሞ በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት፤ «ቀሚስ» የሚለውን አንዳንዶቹ በኬ፣ አንዳንዶቹ በኪው ይጀምሩታል። በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ብዙዎቹ የሚጽፉትን በኬ የሚጀምረውን መረጥን፤ ሌላውን ጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ አስገባነው።

የፊደል ክርክር

የባለቤቷ አጎት ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። አዲሱን ጽሑፍ እንዲያርሙልን ሰጠናቸው። «ሰርግ» በእሳቱ ሰ መጻፉን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሠርግ በንጉሡ ሠ ነው። ሐበሻም በሐመሩ ሐ ነው። ልብስ እየሸጣችሁ ፊደል ታራቁታላችሁ?» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በደብተሩ ላይ ያሉት ደንበኞች ብዙዎቹ የሚጽፉት «ሰርግ» እና «ሀበሻ» ብለው ነው፤ ስልክ ላይ ለጣት የቀረበውን ፊደል ይነካሉ። ማሽኑ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸው ይሆናል ብሎ ተስፋ ማድረግ አልፈለግንም። ሁለቱን በአንድ አንቀጽ መቀላቀል ደግሞ ለአንባቢ ዝርክርክነት ነው። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ የሽያጭ ገጾቹ ርዕስ ገዢው በሚጽፈው ፊደል ይሆናል፤ ስለ ሽመናው የሚተርከው ገጽና «ስለ እኛ» የሚለው በመምህሩ ፊደል ይጻፋል። መምህሩ ለሁለተኛው ክፍል ብቻ ኀላፊነት እንደሚወስዱ ነግረውናል።

ገጾቹና ሸማኔው

አንዱን ረጅም ገጽ ወደ 14 ገጾች ከፈልነው። ለሰርግ፣ ለመልስ፣ ለጥምቀት፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለክርስትና፣ ለወንዶች፣ ለጋቢ፣ ለነጠላ፣ እያንዳንዱ የራሱ ርዕስና የራሱ ጽሑፍ አለው። በየገጹ ባለቤቷ በስልክ ቀን ከቀን የሚመልሷቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ጻፍን። ጨርቁ መነን ነው ወይስ ሌላ? ልክ እንዴት ይወሰዳል? ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል? ስንት ቀን ይፈጃል? ይህ ጽሑፍ ብዙ ብልሃት አልጠየቀም፤ ባለቤቷ ሲያወሩ መቅዳት ብቻ ነበር።

አንዱ ጥያቄ ግን በመልስ አልተገታም። «ለምን ተወደደ?» የሚለው ነው። ስለዚህ ከሸማኔዎቹ አንዱ ዘንድ ሄደን ግማሽ ቀን ተቀመጥን። ሸማኔው በተቆፈረው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ይሰድዳል፤ በእግር ጣቶቹ ድሩን እያነሣና እየጣለ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋል። ነጩ ሲሆን ድምፁ አይቋረጥም። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ጎንበስ ብሎ የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ ባለቀለሙን ክር በየመካከሉ ያስገባል። ከተሳሳተ ይፈታል። በፋብሪካ ከታተመ ጥለት ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ያ ጸጥታ ነው። ይህን ከስምንት ፎቶና ከአንድ አጭር ቪዲዮ ጋር ገጽ አደረግነው። ያን ጊዜ ለፍለጋ ብዬ አልነበረም፤ ባለቤቷ ደጋግመው ከማስረዳት እንዲያርፉ ብዬ ነው።

ፎቶና ካርታ

ፎቶዎቹን ከ200 ኪሎባይት በታች አወረድናቸው። ለእያንዳንዱ በኮዱ ውስጥ በአማርኛ መግለጫ ጻፍንለት፤ «ነጭ የመነን ቀሚስ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት» በሚል ዓይነት። ስምና ዋጋውን ከፎቶው ላይ አንሥተን ከሥሩ አወረድነው። ጎግል ገጽን የሚመዝነው በስልክ በሚታይበት መልኩ ነው፤ ዋናው ይዘት በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ እንዲታይም ይመክራል። በሽሮ ሜዳ መረብ ሁልጊዜ እዚያ አንደርስም፤ ቡናው ግን አሁን አይቀድመውም።

የጎግል ካርታ ላይ የሱቁ ምልክት ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ ብረታ ብረት መሸጫ ላይ ነበር የተተከለው። እዚህ አገር ፖስታ ወደ ሳጥን እንጂ ወደ በር አይመጣም፤ የቤት ቁጥር የሚያውቅም ጥቂት ነው። ስለዚህ የሱቁን ባለቤትነት ለጎግል ያረጋገጥነው በቪዲዮ ነው። ባለቤቷ ከዋናው አስፋልት ጀምረው ታፔላውን አሳይተው በሩን በቁልፋቸው ሲከፍቱ ልጃቸው ቀረጸች። ካርታው ላይ በሚታየው የሱቁ ስም ላይ «ምርጥ የሀበሻ ቀሚስ በአዲስ አበባ» የሚል እንድንጨምር ፈልገው ነበር። አልጨመርንም፤ የጎግል ደንብ ታፔላው ላይ ያለውን ስም ብቻ ነው የሚፈቅደው። ለአምስት ኮከብ አስተያየት አንድ ነጠላ ስጦታ መስጠት ጀምረው እንደነበርም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። «እትዬ፣ ይኼ ክልክል ነው» ስላቸው «ስጦታ መስጠት ከመቼ ወዲህ?» አሉኝ። ተዉት። አስተያየት መለመኑ ይቻላል፤ መክፈል አይቻልም።

ምን ሠራ

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ባዶ ነበሩ። ጎግል አዲሶቹን ገጾች እያነበበ መሆኑ ይታያል፤ ሰው ግን አይመጣም። ባለቤቷ በየሳምንቱ «እሺ፣ ምን ተገኘ?» ይሉኛል፤ እኔም የምለው አልነበረኝም።

ለውጡ በመስከረም መጨረሻ ጀመረ። በጥቅምት ላይ የሱቁን ስም ሳይጽፉ በሌላ ቃል ፈልገው የመጡት ስሙን ጽፈው ከመጡት በለጡ። ለእኔ ከቁጥሩ ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ሱቁን የማያውቁት ሰዎች ማግኘት ጀምረዋል። ከፍተኛውን ድርሻ የያዙት የመልስ ልብስና የክርስትና ልብስ ገጾች ናቸው። በነዚህ ቃላት የሚወዳደር ብዙ ገጽ አልነበረም፤ ሻጩ ሁሉ «የባህል ልብስ» ብሎ ስለሚጽፍ።

የሽመናው ገጽ ያልጠበቅነውን አመጣ። ውጭ አገር ያለ አንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ለልጆች ባዘጋጀው የባህል ትምህርት ገጽ ላይ አገናኙን አስቀመጠ፤ ሌሎችም ተከተሉ። አልለመንናቸውም፣ አልከፈልናቸውም። ገንዘብ ተከፍሎባቸው የተገዙት አገናኞች ሁሉ ተደምረው ያላመጡትን ጎብኚ አንዱ አመጣ።

የካርታው ውጤት ደግሞ ፈጣን ነበር። ምልክቱ በተስተካከለ በሁለተኛው ሳምንት በመኪና መጥቶ «ካርታው አመጣኝ» ያለ ደንበኛ ተገኘ። የብረታ ብረቱ ባለቤትም ቀሚስ የሚጠይቃቸው ሰው ስለቀረ አመሰገኑን።

ምን አልሠራም

የእንቁጣጣሹን ገጽ ያወጣነው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ቀሚስ ታዝዞ፣ ተሠርቶ፣ ተልኮ በዓሉ እስኪደርስ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ገጹም በፍለጋ ላይ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል። መታየት የጀመረው መስቀል ካለፈ በኋላ ነበር። ከዚህ ተምረን የጥምቀቱን በጥቅምት መጀመሪያ አወጣነው፤ እሱ ደረሰ። ገጾቹን በየዓመቱ አዲስ እንዳንሠራም ወሰንን። አድራሻው ላይ ዓመተ ምሕረት አንጽፍም፤ ያው ገጽ ይታደሳል፤ ያጠራቀመው ተሰሚነት ከእሱ ጋር ይቆያል።

ስለ በዓላት ታሪክ የጻፍናቸው አራት ጽሑፎች አንባቢ አመጡ፤ ገዢ አላመጡም። ተማሪዎች ለቤት ሥራ ይገለብጧቸዋል። በእንግሊዝኛው ሰፊ ፍለጋ ላይም አልተሳካልንም፤ እዚያ ውጭ አገር ያሉ ትልልቅ ሻጮች ተደላድለዋል፣ ከእነሱ ጋር መጋፋቱ የዚህ ሱቅ አቅም አይደለም ብዬ አቆምኩት።

ሌላው ስሕተት ከፍለጋ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ድካሙን ግን ከንቱ ሊያስቀረው ነበር። ሰዎች ይመጡና ሳያዝዙ ይሄዳሉ። የማዘዣው ቅጽ መጀመሪያ የይለፍ ቃል ያለው መለያ ክፈቱ ይል ነበር። አንሥተነው በምትኩ በቀጥታ ቴሌግራምና ዋትስአፕ የሚከፍት ቁልፍ አደረግን። ትእዛዝ መምጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ላየው ይገባኝ ነበር።

ለሌላ ሱቅ የሚተርፈው

የአማርኛ ድረ ገጽ ያለው ሁሉ ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችለው አንድ ፈተና አለ፦ ከገጽህ አንድ መስመር ገልብጥና ሌላ ቦታ ለጥፍ። አማርኛ ሆኖ ካልወጣ፣ ወይም ጭራሽ ሊገለበጥ ካልቻለ፣ ሌላውን ምክር ሁሉ አቆየው። ይህን ያገኘሁት በአንድ ሱቅ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ጉዳይ በኋላ ሁለት ሌሎች ዘንድም አይቻለሁ፤ አንዱ ጽሑፉን በሙሉ ፎቶ አድርጎት ነበር።

ራስን በራስ ስም መፈለግ ምንም አይነግርም። ሱቁን በማያውቅ ሰው ቃል ነው መፈለግ ያለበት፤ ያ ቃል ደግሞ መልእክት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ለቁልፍ ቃል ጥናት የሚሸጡ መሣሪያዎች በእንግሊዝኛ ሊጠቅሙ ይችላሉ። በአማርኛ ግን ከልጅቷ ደብተር የተሻለ አላገኘሁም።

የበዓል ሸቀጥ የሚሸጥ ሰው የቀን መቁጠሪያውን ከበዓሉ ወደ ኋላ ይቁጠር፦ የመላኪያው ጊዜ፣ የመሥሪያው ጊዜ፣ ከዚያ በላይ ገጹ እስኪታይ የሚፈጀው። ለእኛ ይህ ሦስት ወር ያህል መጣ። ለቅመማ ቅመም ወይም ለበግ ነጋዴ ያንሳል።

ያልተቋጨው

የድረ ገጹ አድራሻ የተመዘገበው ድረ ገጹን መጀመሪያ በሠራው ባለሙያ ስምና ኢሜይል ነው። ይህን ያወቅነው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ የእድሳት ማስታወሻ ለባለቤቷ ለምን እንደማይደርሳቸው ስንጠይቅ ነው። አሁን የገነባነው ሁሉ ያለው እሱ በያዘው አድራሻ ላይ ነው። ሰውየው ስልክ ያነሣል፣ «አስተላልፋለሁ» ይላል፤ እስካሁን አላስተላለፈም። ባለቤቷ ለሚስቱ ቀሚስ ሊልኩ አስበዋል። እድሳቱ የሚያልቀው ግንቦት ላይ ነው።